ሸክላ ፀሐይ ምን ያደርገዋል

ሸክላዎቼን ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ያመጣኋቸው ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ላመጣቸው ተነሥቼ ብዙ ጊዜ ቀርቻለሁ። ልጄ እንጅባራ ሥራ ይዛ እኔንም ወደ እሷ ከወሰደችኝ ወዲህ የዳንግላው ቤት ተከራይቷል፤ ሸክላዎቹ በአንዲት ጓዳ ተቆልፎባቸው ቀሩ። መንገዱ ሰላም ሲሆን እኔን ያመኛል፤ እኔን ሲሻለኝ መንገዱ ይዘጋል። ማጫወቻዋ ብቻ እዚህ ናት። እጀታ ያላት፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ስለሆነች ልጄ የልብሴ ሻንጣ መስላት ጭናት መጣች። ስንከፍታት ሁለታችንም ተያየን። ልብሴ የቀረው ዳንግላ ነበር።

በዚያ ሳምንት ግን መቆየት አልቻልኩም። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እኔ «እትዬ» የምላቸው፣ አንደኛው ጆሯቸው መስማት ካቆመ ቆይቷል። ሁለተኛውም እየሄደ ነው። ሐኪሙ ማዳመጫ ሰጥቷቸው ነበር፤ «ጆሮዬ ውስጥ ዝንብ ከቶ ላከኝ» ብለው አወለቁት፤ የት እንዳደረጉትም አያውቁም። ከእኔ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሸክላዎቼ አንዷን መስማት። በጾም ዘፈን አይሰሙም፤ ይህን ማንም አያስቀይራቸውም። ሁዳዴ እስኪፈታ ደግሞ ያ የቀረው ጆሮ ይጠብቅ አይጠብቅ ሐኪሙም ሊነግረን አልቻለም። ስለዚህ ወይ በዚያ ሳምንት፣ ወይ ምናልባት ጨርሶ አይሆንም።

ነገሩ የተነሣው በጨዋታ ነው። እትዬ ልጃቸው ዘንድ፣ ከእኛ ሁለት አጥር ወዲያ ይኖራሉ። ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አጫውታቸዋለሁ፤ ማጫወት ማለት መጮኽ ከሆነ። አንድ ቀን ወሬ ሲያልቅብኝ ስለ ሸክላዎቼ አወራኋቸው። ትንሿን፣ በሁለቱም ገጿ አንድ አንድ ዘፈን ብቻ ያላትን አነሣሁ። የሠርግ ዘፈን ናት። ሽፋኗ ጠፍቷል፤ መሀሏ ላይ ያለው ወረቀትም ተልጧል። ዘፋኙ ማን እንደሆነ አላውቅም። ልጄ በስልኳ ፈልጋ አጥታዋለች።

«በእልልታ ነው የምትጀምረው» አልኳቸው።

እትዬ ጥጥ ይፈለቅቁ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«ሙሽሪት» አሉኝ። ወንድማቸው ካገባኝ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው፤ ሰባውን ብሻገርም አልቀየሩትም። «እልልታው ዘፈኑ ሳይጀምር ነው?»

«ሳይጀምር። ከበሮው እንኳን ሳይመታ።»

«የብዙ ሴት ነው?»

«የአንድ ሴት ነው።»

«ጮክ በይ።»

«የአንድ ሴት ነው፣ እትዬ!»

ደጁን አዩ። ልጃቸው እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ከወንድማቸውም ከባላቸውም ደብቀው ያኖሩትን ነገሩኝ። በልጅነታቸው ስፌት እንዲማሩ አዲስ አበባ አክስታቸው ዘንድ ተልከው ነበር። በዚያው ሰፈር ሙዚቃ ቤት ነበረ። የአገራችን ሰው የሆነ ዘፋኝ የሠርግ ዘፈን ሊያስቀርጽ መጥቶ የከተማዎቹ ልጆች እልልታ ቀጠነበት፤ የገጠር እልልታ ፈለገ። እትዬንና ከዳንግላ አብራቸው የሄደች ጓደኛቸውን አስጠሯቸው። ሁለቱም በየተራ ማይክራፎን ፊት ቆመው እልል አሉ። ባለሙዚቃ ቤቱም «የአንዳችሁን እንወስዳለን» ብሎ ሸኛቸው። ሸክላው ሳይወጣ የእትዬ አባት አስጠራቸው፤ መጡ፤ ተዳሩ። የማንን እንደወሰዱ ሳያውቁ ቀሩ። ጓደኛቸውም ሳታውቅ ሞተች።

«ለምን ለማንም አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ዘፋኝ ቤት ገባች እንዲሉኝ ነው? የእኔን አባት አታውቂውም።»

ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ሸክላዋ ሆነ። አይለምኑም። «መንገዱ እንዴት ነው?» ይላሉ። «ዛሬ መኪና አለ አሉ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሰው ሲጠብቀኝ መቀመጥ አልችልም። ቤቴ ገብቼም ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ደጅ እላለሁ። ልጄ «እማ፣ ወለሉን ጨረስሽው» ትለኛለች።

ዳንግላ ስደርስ ጓዳውን ከፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሽታው ያው ነው፤ የካርቶንና የአቧራ። ሁሉንም ለማምጣት አቅሙም ቦታውም ስላልነበረኝ በአንድ ካርቶን የሚገባውን መምረጥ ነበረብኝ። መምረጥ ደግሞ አልወድም። አንዱን አንሥቼ አስቀምጣለሁ፤ ሌላውን አንሥቼ የመጀመሪያውን መልሼ አነሣለሁ።

በወጣትነቴ ዳንግላ ስልክ ማዞሪያ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሳገናኝ እውላለሁ። የታመመ፣ የተጣላ፣ የጠፋ፣ ሁሉም በእኔ ጆሮ ያልፋል፤ ለማንም አላወራም። ማታ ቤት ስገባ የማንንም ወሬ መስማት አልፈልግም፤ ዘፈን ብቻ። ሸክላ መሰብሰብ የጀመርኩት ካሴት መጥቶ ሰው ሸክላውን መጣል ሲጀምር ነው። ሰው የጣለውን ማንሣት ርካሽ ደስታ ነው። ባለቤቴ «ይሄ ሁሉ ክብ ነገር ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል፤ ግን ጫማዬን አውልቄ ሳዳምጥ ካየ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

ከሁሉ በፊት ካርቶኑ ውስጥ ያስገባሁት ትንሿን ነው። ወደ አንድ ዳር ተጠግታ ከሥር ተኛች። ሌሎቹን በላይዋ ደረደርኩ። ካርቶኑን በገመድ አስሬ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ።

ረዳቱ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው። ካርቶኑን ተቀበለኝ።

«ምንድን ነው እማማ? ከበደ።»

«ሸክላ ነው። ተሰባሪ ነው፣ ተጠንቀቅልኝ።»

«ለሸክላማ ለእኔ ይተዉት። የስንቱን ሸክላ ለገበያ ጭኛለሁ፣ አንድ ተሰንጥቆብኝ አያውቅም። ይግቡ፣ ከፊት ወንበር ይያዙ።»

ገባሁ። ካርቶኑን ይዞ ወደ ኋላ ሲዞር አየሁት። ከኋላ ወንበር ሥር የሚያስገባው መሰለኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆምን። የየካቲት ፀሐይ ነበር፤ በመስኮት የገባው ጉልበቴን ያቃጥለኛል። ሰዎች እየገቡ ይወጣሉ። አንዱ ሾፌሩን «ይሄ መኪና ነው ቤት? ቤት ከሆነ እንከራየው» አለው። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ሰዓቴን አይቼ መንገዱን አያለሁ። በመጨረሻ ተነሣን።

ከአዲስ ቅዳም ትንሽ ቀደም ብሎ ፍተሻ ነበር። ሁላችንም ወረድን። ዕቃ ሁሉ እንዲወርድ ታዘዘ። ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ማውረድ ጀመረ። የእህል ከረጢት አወረደ፤ የፕላስቲክ ወንበር አወረደ፤ ከዚያ የእኔን ካርቶን አወረደ።

ያን ሁሉ ሰዓት ከራሳችን በላይ፣ ቆርቆሮው ላይ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ፈታሹ።

«የእሳቸው ነው» አለ ረዳቱ ቀድሞኝ። «ሸክላ ነው። ድስትና ጀበና ነው።»

ፈታሹ ገመዱን ፈታ። ከላይ ያለውን ከሽፋኑ መዝዞ አወጣና ወደ ፀሐዩ አዙሮ አየው።

«ይሄ ምጣድ ነው?»

ከጎኔ የቆመች፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ የጠቀለለች ሴት ጠጋ ብላ አየች። «ምጣድ መሀሉ ይበሳል እንዴ? ሊጡ ወዴት ሊሄድ ነው?»

ሰው ሳቀ። ረዳቱ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ሸክላ አላሉኝም?»

«ሸክላ ነው። የዘፈን ሸክላ።»

«ታዲያ ዘፈን ነው አይሉኝም?»

«ፀሐይ ላይ ለምን ሰቀልከው?»

«ሸክላ ፀሐይ ምን ያደርገዋል? ከእሳት የወጣ ዕቃ!»

እሱም እውነቱን ነው፤ እኔም እውነቴን ነው። በአንድ ቃል ሁለት ነገር ስንጠራ ኖረን ያን ቀን ተጋጨን። ፈታሹ ሸክላውን አገላብጦ ካየ በኋላ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ መልሶ ሰጠኝ።

«ይዘፍናል?» አለኝ።

«ይዘፍን ነበር» አልኩት።

ካርቶኑን ሲያቅፉት ከምድጃ እንደወጣ ድፎ ይሞቃል። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ለማንም አልሰጠሁም። አልከፈትኩትም። ብከፍተው የማደርገው የለኝም። እጄ ግን አያርፍም፤ ክዳኑን በጣቴ እዳስሳለሁ፣ ገመዱን ፈትቼ እቋጥራለሁ። ያቺ ነጠላዋን የጠቀለለች ሴት ከጎኔ ተቀምጣለች። ልጇን ልትጠይቅ እንጅባራ ትሄዳለች።

«ይብቃዎት እንግዲህ፣ አያንቁት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ገመዱን።»

አዲስ ቅዳም ስንደርስ የእኔ ካርቶን በነበረበት ቦታ ከሰል ተጫነ። በማዳበሪያ የታሸገ ከሰል ከላይ ሲጣል ጣሪያው ይጮኻል፤ ጥቁር ብናኝ በመስኮት ይገባል። እዚያም ቆምን። ሴትየዋ የኔን ጭንቀት ልታዘናጋ ነው መሰለኝ፣ «ከእነዚህ ውስጥ የሚወዱት የቱን ነው?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ለሰው ማውራት ልማዴ አይደለም፤ ግን ከመቀመጥ ማውራት ይሻለኝ ነበር።

ከጥርባ አካባቢ ያገኘኋትን ነገርኳት። ባለቤቴ በሕይወት እያለ ለለቅሶ ሄደን ስንመለስ፣ ከገብስ ማሳ መሀል አንድ ጥቁር ነገር በገመድ ተንጠልጥሎ በነፋስ ሲዞርና ሲያብረቀርቅ አየሁ። የወፍ ማስፈራሪያ ነው። ቀርቤ ሳየው ሸክላ ነው። ገበሬውን ስጠኝ አልኩት። መጀመሪያ ከባለቤቴ ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ፤ እኔ ቋንቋውን አልሰማም። ሲጨርሱ ባለቤቴ ሳቀ። «ወፎቹ ለምደውታል ይላል፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ካመጣሽለት ይሰጥሻል» አለኝ። በሚቀጥለው ገበያ የቆርቆሮ ሰሃን ወሰድኩለት። ሸክላው አንዱ ገጹ በዝናብ ታጥቦ ጨርሶ አይሰማም። በሌላው ገጽ አንድ ወንድ በክራር ይዘፍናል፤ ከኋላው ሁልጊዜ ዝናብ የሚመስል ድምፅ አለ። ማሳው ላይ የጠጣውን ዝናብ ይመልሳል እላለሁ።

«ወፎቹ ጆሮ ቢኖራቸው ይቀመጡለት ነበር» አለች ሴትየዋ።

ቀጥሎ የእንስራ ክዳን የነበረችውን ነገርኳት። ዳንግላ አንዲት ጎረቤቴ ቤት ውኃ ልጠጣ ገብቼ፣ እንስራው ላይ ሸክላ ተከድኗል። ሸክላ በሸክላ ላይ። ላነሣው ስል ጎረቤቴ «ውኃዬን በምን ልትከድኚልኝ ነው?» ብላ እጄን ያዘችኝ። አናጢ ዘንድ ሄጄ የእንጨት ክዳን አሠርቼ መጣሁ። ጣሳው ሲነሣና ሲቀመጥ መሀሉን ጭሮታል፤ ስለዚህ ዘፋኟ ከመጨረሻው በፊት አንድ ቃል ላይ ትቆምና እየደጋገመች ትቀራለች። መርፌውን ካላነሣሁላት አትወጣም። ብዙ ሰው ይህን እንከን ይለዋል። እኔ ግን እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እነሣለሁ፤ ልደርስላት የሚገባኝ ይመስለኛል።

«ሌላስ?» አለች።

ሌላውን ስነግራት ድምፄ እንደቀነሰ ታወቀኝ። ዳንግላ አንድ ቡና ቤት ሲዘጋ ያገኘሁት ነው፤ ትልቁ ሸክላ፣ ግጥም የሌለው፣ ትንፋሽ መሣሪያ ብቻ። ሽፋኑ ላይ የብርጭቆ ክብ ክብ ምልክት አለ። እሱን ስሰማ አልቀመጥም፤ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ልብስ አጣጥፋለሁ። ካርቶኑ ላይ ከሁሉ በላይ ያለው እሱ ነው። ፈታሹ ያወጣው እሱን ነበር። ፀሐይም መጀመሪያ ያገኘው እሱን ነው።

«ከታች ያለውስ?» አለች ሴትየዋ ካርቶኑን እያየች። «ከታች ያለው ምንም አልሆነ ይሆናል።»

«ከታች ያለችው የእኔ አይደለችም» አልኳት።

ከሰሉ ተጭኖ ተነሣን። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ወደ እኔ ያያል፤ ሳየው ዓይኑን ይመልሳል። እንጅባራ ስንደርስ ካርቶኑን አልተቀበለኝም፤ ይልቅ ባጃጅ ጠርቶልኝ ለባጃጁ ሾፌር፣ «የእሳቸው ሸክላ የሚሰበር ሳይሆን የሚቀልጥ ነው፣ በጥላ በጥላ ሂድ» አለው። ሾፌሩ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ቤት ገብቼ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። ትልቁ ሸክላ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ሹሮ የሚያቀርቡበት ይመስላል። ሁለተኛው ጠርዙ እንደ ባርኔጣ ተነሥቷል። የገብሱ ማሳ ሸክላ ደኅና ነው፤ ፀሐይ ለምዷል። ትንሿን ከሥር አወጣኋት። በአንድ ወገን ጠርዟ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ላይ ተጠቅልሏል። መሀሏ ቀጥ ያለ ነው። እልልታው ያለው ግን መጀመሪያ ላይ ነው፤ መጀመሪያው ደግሞ ጠርዙ ላይ።

ልጄ መጥታ አየቻት።

«እማ፣ ካውያ ብናስነካውስ?»

«ካውያ? ሸሚዝ ነው?»

«እሺ፣ ትራስ ሥር አድርገሽ ተኝበት።»

ሳቅሁ፤ ግን አልተቀመጥኩም። ከሁለት መስታወት መሀል አድርጌ ከባድ ዕቃ ጫንኩባት። ሄጄ አየኋት፤ ተመልሼ አየኋት። «እንዳትነኪያት ያልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ ልጄ። ጠዋት ስከፍታት ትንሽ ተመልሳለች፤ ጨርሳ ግን አልተስተካከለችም። እሑድ ነው። ነገ ጾም ይገባል። ሌላ ቀን የለም።

ከሰዓት በኋላ ማጫወቻዋን በአንድ እጄ፣ ሸክላዋን በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬ በደረቴ ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ዕቃ እያጠበ ነው። የፍስክ ድስት በየደጁ ተደፍቷል፤ ሴቶች በአመድና በሳሙና ይፈትጋሉ። እትዬ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተጎንጉነው ተቀምጠዋል። ፀጉራቸውን የጎነጎነቻቸው የልጃቸው ሚስት ናት። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም።

«በፀሐይ ተበላሽታለች፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ምን?»

«ፀሐይ አጣሟታል!»

«እኔንም አጣሞኛል» አሉ። «አጫውቻት።»

ማጫወቻዋን ጉልበታቸው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ። አዲስ ባትሪ ድንጋይ አግብቼባታለሁ። መርፌውን ጠርዙ ላይ ሳስቀምጠው ጠርዙ ወደ ላይ ሲመጣ መርፌው ዘለለና ከበሮው መሀል ወደቀ። አነሣሁት። እንደገና ሳስቀምጠው እንደገና ዘለለ።

«ጀመረ?» አሉ እትዬ።

«አልጀመረም።»

«ከበሮ ይሰማኛል።»

«እሱ አይደለም።»

«እልልታውን አልሰማሁም፣ ሙሽሪት። ጆሮዬ ነው ወይስ ዕቃሽ ነው?»

«ዕቃዬ ነው!»

ይህን ስል አንድ ቃል ተናግሬ ሁለት ፍርሃት እንደደበቅኩ አውቃለሁ። ሳንቲም አውጥቼ መርፌው የተሰካበት አናት ላይ አደረግሁ፤ ሳንቲሙ ተንሸራቶ ወደቀ። ሌላም ሞከርኩ። በመጨረሻ የአውራ ጣቴን ጫፍ አናቱ ላይ አሳርፌ ቀለል አድርጌ ያዝኩት። ጠርዙ ሲነሣ እጄም ይነሣል፤ ሲወርድ እጄም ይወርዳል። ሸክላዋን በእጄ የማስተነፍሳት ይመስላል። እትዬ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አስጠጉ፤ ጉንጫቸው ሊነካው ደረሰ።

እልልታው መጣ። ቀጥ ብሎ አልመጣም፤ ይሄዳል ይመጣል፣ ከተራራ ወዲያ እንደሚዘል ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ እጄን እያየሁ ነበር። የእትዬን ፊት ያየሁት ከበሮው ሲጀምር ነው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እጄን ከመርፌው ላይ ሳነሣ ደንዝዞ ነበር።

«ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት። ምን እንደሚሰሙ ፊታቸው ላይ አይነበብም። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ፣ የእሳቸው ይሁን የጓደኛቸው፣ ልጠይቃቸው ፈልጌ አልቻልኩም። «አይደለሁም» ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ? የሞተች ሰው እልልታ ይዤ መንገድ ለመንገድ መንከራተቴ ነው።

«ድገሚው።»

ሦስተኛው ላይ ከበሮው ከመምታቱ በፊት እጃቸውን አነሡ። «እዚህ ጋ! ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ሳቀች።»

«ማን?»

«መጨረሻዋ ላይ ሳቀች። እልልታው ሲያልቅ። አትሰሚም እንዴ? ከእኔ ብሰሽ አረፍሽ?»

መርፌውን መልሼ እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰማሁ። እልልታው ሲያልቅ፣ ከበሮው ሳይጀምር፣ አጭር ትንፋሽ አለ። ለዓመታት የመርፌ ጭረት ሲመስለኝ ኖሯል። ጭረት አይደለም። ሴት ልጅ አፏን ይዛ ስትስቅ ነው።

«ቆንጥጣኝ ነው!» አሉ እትዬ። እጃቸውን ጎናቸው ላይ፣ ከወገባቸው ከፍ አድርገው አሳዩኝ። «እዚህ ጋ! እልል እያልኩ ከኋላዬ መጥታ ቆነጠጠችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ሰውየው ተቆጣን። አበላሻችሁት አለን። እኔማ የእሷን ይወስዳሉ ብዬ ነው የቆየሁት። ይሄን ሁሉ ዘመን!»

ጎናቸውን ያሹት ጀመር፤ ቁንጥጫው አሁን የደረሰባቸው ይመስል። ከዚያ ሳቁ። ያ ሸክላው ላይ ያለው ሳቅ አይደለም፤ ያኛው ቀጭን ነው፣ ይሄኛው ሳል አለበት። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ከወንበራቸው ቀና ብለው፣ እኔ ልከለክላቸው ሳልደርስ፣ እልል አሉ። በሙሉ ድምፅ። የማይሰማ ሰው ምን ያህል እንደሚጮኽ አያውቅም፤ ቆርቆሮው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

በዚህ አገር እልልታ ከሰማ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። ደግሞ የጾም ዋዜማ ነው፤ ሠርግ የለ፣ ምን ተገኘ ብሎ ሰው የማይሮጥበት ምክንያት የለም። አንዲት ጎረቤት ቀድማ ደረሰች። እጇ እስከ ክርኗ አመድና ሳሙና ነው፤ የምታጥበውን ክዳን እንኳን አላስቀመጠችም። ከኋላዋ ሌሎች አሉ።

«ምንድን ነው? ማን ወለደ?» አለች ከበሩ ላይ።

እትዬ ዞረው አዩዋት። ምን እንደተባሉ አልሰሙም። ሸክላው ላይ ያለችው ማን ናት ያለቻቸው ነው የመሰላቸው፤ ደረታቸውን በእጃቸው መቱ።

«እኔ ነኝ!» አሉ።

ሴትየዋ ወደ እኔ አየች። እኔ አፌን ይዣለሁ።

«ማን አሉኝ?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ! እኔ! ማን ይሆናል ሌላ?»

ደጁ በሳቅ ሞላ። ጎረቤቷ የድስቱን ክዳን በብብቷ ይዛ ገባች፤ ጎንበስ ብላ የእትዬን ጉልበት ነካች።

«እንኳን ማርያም ማረችዎት» አለቻቸው።

«አሜን» አሉ እትዬ፤ ደግ ነገር እንደተባለላቸው ከአፏ አይተዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሙሽሪት፣ አሁን እነሱም ይስሙ፤ መልሺው» አሉኝ። ሰው መቀመጫ እየፈለገ ሲገባ እኔ አውራ ጣቴን መርፌው አናት ላይ አሳረፍኩ።